የአሮጌው ፒክ አፕ ቸርኬ

አሮጌ መኪና ለማደስ የተነሣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሞተሩ ላይ ነው። ቀጥሎ ላሜራው፣ ከዚያ ቀለሙ። ቸርኬና ጎማ የሚታወሱት መኪናው ከድጋፍ ሊወርድ ሲል ነው። ገንዘቡም በዚያው ቅደም ተከተል ይወጣል፤ ለሞተር ሠሪ ሳይከራከር የከፈለ ሰው ጎሚስታው ጋ ሲደርስ በአሥር ብር ይጨቃጨቃል። ይህ ልማድ ሰው ሊያስገድል ሲል በዓይኔ ስላየሁ ነው ገጠመኙን የምጽፈው። ባሕር ዳር ውስጥ የድሮ ላንድክሩዘር በትርፍ ጊዜያቸው የሚያድሱ ሰዎች አውቃለሁና በተለይ እነሱ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

የምሠራበት መሥሪያ ቤት የራሱ ጋራዥ አለው። ቆመው የቀሩ መኪኖች በጨረታ ሲሸጡ አንዱን ፒክ አፕ የግምጃ ቤታችን ኃላፊ ገዙት። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መኪናው ቶዮታ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሠራው ከ40ው የላንድክሩዘር ዘር ነው፤ ከአብዛኞቹ መካኒኮቻችን በዕድሜ ይበልጣል። ጋሼ የዚያን መኪና ዘይት፣ ፊልትሮና ጎማ ሞዴል 22 በሚባለው የዕቃ ወጪ ቅጽ ወጪ ሲያደርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታቸው ሲቃረብ «ለብረት ነጋዴ አሳልፌ አልሰጣትም» አሉ። የጋራዡ ኃላፊ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ቦታውን እንድንጠቀም በጽሑፍ አስፈቀደልን። ዕቃው ከጋሼ ኪስ፣ ጉልበቱ ከእኛ ሆነ። ማንም ሳይጠራ ነው ሰው የተሰበሰበው፤ ያቺን መኪና የማይወድ ሠራተኛ አልነበረም።

ሞተሩ ያን ያህል አላስቸገረም። 2ኤች የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ነው፤ 3980 ሲሲ፣ ቱርቦ የለው፣ ኤሌክትሮኒክስ የለው። ቴስታታው ወርዶ ታየ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ኖዝሎቹ ተፈተሹ፣ ካንዴሌታዎቹ ተተኩ፤ ተነሣ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር እየሳሳበት ዳገት ላይ ጠቆር ያለ ጭስ ቢያወጣ ወዲያው የናፍጣ ፖምፓውን መነካካት አያስፈልግም።

የከበደው ሥራ ታች ነበር። ጣና ጨው የሌለው ውኃ ስለሆነ የእኛ አገር መኪና እንደ ወደብ ከተማ መኪና በጨው አይበላም። የሚበላው በጭቃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በገጠር መንገድ የተጫነበት ጭቃ ሻንሲው ውስጥ፣ ከጭነት ሳጥኑ ሥርና ከጋቢናው ወለል ማዕዘን ገብቶ ይቀመጣል። ላዩ በጥቅምት ይደርቃል፤ ውስጡ ግን እርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ከላይ ያበጠ ቀለም ስታይ ከሥሩ ያለው ላሜራ ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው። በያጃችን የጋቢናውን ወለል ግማሽ ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደው። ስቱኮ ዝገት ላይ መለጠፍ ገዢን ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጋሼም «የምነዳው እኔ ነኝ፣ ማንን ላታልል?» ብለው አንድም ቦታ እንዲለጠፍ አልፈቀዱም። ፍሬኑም በአግባቡ ተሠራ፤ ሸራው፣ የሲሊንደሮቹ ጎማዎች፣ ፈሳሹም ጭምር ተለወጠ። የፍሬን ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ዓመታት የቆመ መኪና ውስጥ የተገኘ ሁሉ መደፋት አለበት።

ከዚያ ጎማው ላይ ደረስን።

የዚያ ፒክ አፕ ቸርኬ ባለ 16 ኢንች ነው፤ 7.50-16 ጎማ ከነከመነዳሪው ይገባበታል። እንደ ዛሬዎቹ የቤት መኪኖች ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም። ጎማውን በአንድ በኩል የሚይዘው ጠርዝ ይነቀላል፤ ያንን ጠርዝ በቦታው የሚያስቀረው ደግሞ ቸርኬው ላይ ባለ ጉድባ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አንድ ቦታ የተሰነጠቀ የብረት ቀለበት ነው። ገጠር መሀል ያለ ማሽን፣ በመፈንቀያና በመዶሻ ብቻ ጎማ መፍታት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለዚያ ዘመን መንገድ የታሰበ ጥሩ ሥራ ነበር። ነገር ግን ጎማው በአየር መለኪያው 60 (ፒ.ኤስ.አይ.) ሲሞላ በእያንዳንዷ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ4 ኪሎ ግራም በላይ ግፊት አለ። የጎማው ጎን ስፋት ሲታሰብ ጠርዙን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል በቶን ይቆጠራል። ያንን ሁሉ አፍኖ የያዘው ያ ቀለበት ነው። ጉድባው ከዛገ፣ ቀለበቱ ከተጣመመ ወይም የሌላ ቸርኬ ቀለበት ከሆነ፣ አየሩ ሲሞላ እንደ ጥይት ይወረወራል።

ጎሚስታው ከጋራዣችን አጥር ወጣ ብሎ አስፋልቱ ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩ አረጋዊ ናቸው። ሠፈሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል። ጋሼ ከጥምቀት በፊት መራዊ ያሉ ዘመዶቻቸውን በዚያች መኪና ሄደው ሊጠይቁ ቃል ገብተው ስለነበር ተጣድፈዋል። አያ ግን አልተጣደፉም። አንድም ጎማ ከመፍታታቸው በፊት የቫልቩን መርፌ አውጥተው አየሩ ጨርሶ መውጣቱን አረጋገጡ። እያንዳንዱን ጉድባ በሽቦ ብሩሽ ፍቀው፣ ፀሐይ ላይ አውጥተው ስንጥቅ ፈለጉ። ሦስቱ ደህና ሆኑ። የአራተኛው ቀለበት በዝገት ሳስቶ ስለነበር ለይተው ጣሉት። ጋሼ ሄደው ከብረት ተራ ሌላ ይዘው መጡ።

አያ አገላብጠው አዩት። «የዚህ አይመስለኝም።»

«ሻጩ የላንድክሩዘር ነው ብሎ ምሎልኛል አያ። 16 ነው፣ ይሄም 16።»

«ቁጥሩስ አንድ ነው። አቀማመጡ ነው የሚያሠጋኝ።»

ቀለበቱ ግን ገባ። ጥቂት አየር ሲሰጡት በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ቀረ። የእኛው ተለማማጅ፣ ታታሪ ልጅ ነው፣ መዶሻ ይዞ ሊያስገባው ጎማው ላይ ተንበረከከ። አያ ጮኹ፤ እጁን ይዘው አስነሡት። «አየር ያለበት ቀለበት በመዶሻ አይነካም! ልጄ፣ ፊትህን ነው የሚወስደው!» አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ቀለበቱን እንደገና አስቀመጡ። አሁን ዙሪያውን ገጥሞ ታየ። ጋሼ «በቃ ገባ እኮ» አሉ። አያ መልስ አልሰጡም፤ ወደ ጥላቸው ሄደው ወፍራም ሰንሰለት አመጡ። በቸርኬው ቀዳዳዎችና በጎማው ዙሪያ ደጋግመው አዞሩና ቆለፉት። ቀለበቱ ያለበትን ፊት ወደ ድንጋዩ አጥር አዞሩ። የአየሩን ቱቦ ቫልቩ ላይ በቆንጣጭ አስይዘው፣ ሁላችንንም ከኮምፕረሰሩ ኋላ ወስደው ማንም እንዳይንቀሳቀስ ከለከሉ።

ከ40 ትንሽ እንዳለፈ ፈነዳ። ድምፁ ጆሮ የሚደፍን ነበር። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ የሚነቀለው ጠርዝ አጥሩን መትቶ ድንጋይ ፈለፈለ፤ ቀለበቱ ተጠማዞ ሰንሰለቱ ውስጥ ተይዞ ቀረ። የጋሼ የመጀመሪያ ቃል «ልጁስ?» ነበር። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እጁን ያዙትና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

አያ ሁለቱን ቀለበቶች፣ የዛገውንና የፈነዳውን፣ ጎን ለጎን አስቀምጠው አሳዩን። አዲሱ ከአይሱዙ ቸርኬ የወጣ ነበር። እሱም 7.50-16 ጎማ ስለሚያስር ለዓይን ይመሳሰላል፤ ጉድባው ውስጥ የሚገባው ጠርዙ ግን ቅርጹ ሌላ ነው። ያረፈ መስሎ የታየን ጫፉን ብቻ ነክሶ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሰንሰለት ለተጠረጠረ ቀለበት ፈቃድ አይደለም። የተጠረጠረ ቀለበት ከነጭራሹ አየር አይሰጠውም። ሰንሰለቱ የተፈተሸውና የታመነው እንኳ ቢከዳ ሰው እንዳይሞት ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት የሥራ ደኅንነት ደንብ የትልልቅ መኪኖች እንዲህ ያለ ቸርኬ የሚነፋው በብረት ቀፎ ውስጥ ሆኖ፣ ነፊው ከመስመሩ ውጭ ቆሞ፣ በረጅም የአየር ቱቦ ነው። የማይገጣጠሙ ክፍሎችን ማዳቀል ክልክል ነው። አያ ያንን ደንብ አላነበቡትም፤ ሥራቸው ግን ከሞላ ጎደል እንደዚያው ነበር።

እኔን የሚቆረቁረኝም ይህ ነው። ጋራዣችን ውስጥ ዲፕሎማ ያለን ሰዎች ነበርን። ስለ ናፍጣ ርጭት ግፊት፣ ስለ ቴስታታ ቡሎን አጠባበቅ ስንከራከር የዋልን ሰዎች ነን። ሰውን የሚገድለውን ዕቃ ለይተው ያወቁት አስፋልት ዳር የሚውሉት፣ የሥራ ጓንት እንኳ የሚገዛላቸው የሌላቸው አረጋዊ ናቸው። ጎሚስታነት ጉልበት እንጂ ሙያ አይመስለንም። ልጆቻችንን ስናስተምር «አለበለዚያ ጎሚስታ ትሆናለህ» እንላለን። ይህ አባባል ከአፋችን መውጣት የለበትም።

በሳምንቱ የጋራዡ ኃላፊ አያን አስጠርቶ ለመካኒኮቹና ለሾፌሮቹ ሥልጠና እንዲሰጡ አደረገ። እንደ ማንኛውም አሠልጣኝ አበል ተከፈላቸው፤ ለዚህ ኃላፊያችንን አከብረዋለሁ። አያ ብዙ አላወሩም። የተጠማዘዘውን ቀለበት ከእጅ ወደ እጅ አዙረው፣ ሁሉም ጉድባውን በጣቱ እንዲዳብስ አደረጉ። ሾፌሮቹ ብዙ ጠየቁ። አንዱ መንገድ ላይ ብቻውን ቢሆንስ ሲላቸው፣ የጎደለ ጎማ መኪናው ላይ እንዳለ በኃይል አትሙላ፣ ጠፍጥፎ የተነዳ ጎማ ካለ ቀለበቱ ሊናወጥ ስለሚችል መጀመሪያ ፈትተህ እይ አሉት። በያጃችን በሳምንቱ መጨረሻ ከወፍራም ቱቦ የብረት ቀፎ ሠራ። አሁን የእኛም የአያም ደንበኞች ጎማ እዚያ ውስጥ ነው የሚነፋው።

ለጋሼ መኪና ሌላ መፍትሔ አገኘን። ከእሷ በኋላ የመጡት የ70ው ዘር ላንድክሩዘሮች፣ ባለ 5 ቡሎን ከመሆናቸው በፊት የተሠሩት፣ እንደ እሷ ባለ 6 ቡሎን ናቸው፤ የቡሎኖቹ ክብም ያው 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከእነዚያ መካከል አንድ ወጥ የሆነ ባለ 16 ቸርኬ ያላቸው አሉ። ጋሼ አራትና አንድ ትርፍ ፈልገው ገዙ፤ መጀመሪያ ያለ ጎማ ገጥመን ፍሬኑንና ማዕከሉን አለመንካቱን አየን፣ ከዚያ አያ ጎማውን አሰሩ። ዋጋው ከቀለሙ በለጠ። ጋሼ ቀለሙን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ መኪናዋ እስካሁን ጋቢናዋ ላይ የዝገት መከላከያው ቀይ ቅብ ብቻ አለባት። መራዊ የሄዱት ከጥምቀት በኋላ ነው።

የቀረን የድሮዎቹ ቸርኬዎች ነበሩ። ሦስቱን ደህናዎች ከነቀለበታቸው አያ ወሰዱ። የሳሳውንና የፈነዳውን ቀለበት ተለማማጁ በቆራጭ ዲስክ ሦስት ሦስት ቦታ ቆራረጣቸው፤ ሙሉ ሆነው ወደ ብረት ተራ ከተመለሱ አንድ ሌላ ሰው እንደ ጋሼ ገዝቶ ሊገጥማቸው ይችላል። ቆራሌው የሚገዛው በኪሎ ስለሆነ በመቆራረጣቸው ከዋጋቸው ምንም አልጎደለም።