ኮርኒስ ሲወድቅ ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ነው

አሜሪካ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ኮርኒስ ሲወድቅበት የሚሠራው የመጀመሪያ ስህተት የቋንቋ ነው። እኛ ዝናብ የሚመታውንም ሆነ አልጋ ላይ ተጋድመን ቀና ስንል የምናየውን ሁለቱንም «ጣሪያ» እንላለን። ያንን በእንግሊዝኛ «ሩፍ» ብለን ከተናገርነው፣ ስልኩን ያነሳው የኢንሹራንስ ሠራተኛ የንፋስ ጉዳት ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ብዙ ፖሊሲዎች (የመድን ውሎች) ደግሞ ለንፋስና ለበረዶ የተለየ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ) አላቸው፤ ቁርጥ ያለ ብር ሳይሆን ቤቱ መድን ከተገባለት መጠን ላይ 1 ወይም 2 በመቶ ይሆናል። ቤቱ 500,000 ዶላር ከተገባለት 2 በመቶው 10,000 ዶላር ነው። የምዝገባው ስህተት በኋላ ይስተካከላል፣ ግን ሳምንታት ይበላል። ስለዚህ «ሲሊንግ» በሉ፤ የትኛው ክፍል እንደሆነና ውሃው ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ እሱንም ጨምሩ። ካላወቃችሁ አትገምቱ።

ከመደወል በፊት ግን ቤቱ አለ። ኮርኒሱ አብጦ ገና ካልወደቀ ሥሩ አትቁሙ። ባለ 4 በ8 ጫማ የግማሽ ኢንች ድራይዎል (አገር ቤት ጂፕሰም ቦርድ የምንለው) ደርቆ እንኳ ከ40 እስከ 55 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ላዩ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ደግሞ በጋሎን 8.3 ፓውንድ ገደማ ነው፤ የራሰው ኢንሱሌሽን ሲታከልበት ሰው ይጎዳል። የክፍሉን ብሬከር አጥፉ፤ አምፖል ውስጥ ውሃ ገብቶ ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያውን አትንኩ። ዋናውን የውሃ ቫልቭ ዝጉ፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቧንቧው በፊት ለፊቱ ግድግዳ በሚገባበት ቦታ ይገኛል። ከዚያ እብጠቱን ፎቶ አንስታችሁ፣ ባልዲ አስቀምጣችሁ፣ ወደ ጎን ቆማችሁ ዝቅ ያለውን ቦታ በዊንዲቨር ብሱት። አንድ ትንሽ ቀዳዳ ሙሉውን ክፍል ሊያድን ይችላል።

ቤቱ ከ1980 በፊት የተሠራ ከሆነ ፍርስራሹን በደረቁ አትጥረጉ። እንደ ፈንዲሻ ሸካራ የሆነው የድሮ ኮርኒስ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ለጌጥ የሚረጨው ዓይነት የታገደው በ1978 ነው፣ መጋዘን ውስጥ የነበረው ግን ከዚያም በኋላ ተሸጧል። ከላይ የወረደው ኢንሱሌሽን የሚያብረቀርቅ ግራጫ ቡናማ ጠጠር የሚመስል ቨርሚኩላይት ከሆነም ጥርጣሬው ያው ነው። ናሙና በላቦራቶሪ እስኪታይ በሩን ዘግቶ መቆየት ይሻላል። የምርመራ ደረሰኙን ያዙ፤ ጉዳቱ የተሸፈነ ከሆነ ወጪውን ከክሌሙ (ከካሳ ጥያቄው) ጋር ማቅረብ ይቻላል።

አሁን ወደ ፖሊሲው። አብዛኛው የግል ቤት ባለቤት የያዘው ኤችኦ-3 የሚባለውን ነው። ይህ ፖሊሲ ቤቱን በሚመለከት የማይከፍለውን ይዘረዝራል፤ ያልተዘረዘረው ተሸፍኗል። ዕቃችሁን በሚመለከት ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በስም የተጠራ አደጋ ካልደረሰበት አይከፈልም። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሃ፣ ኮርኒሱ ተከፍሎ ሥሩ የነበረው ሶፋ ሳይከፈል ይቀራል። ባረጀ ጣሪያ በኩል ዝናብ ሲገባ የሚሆነው ይኸው ነው። ጣሪያው በእርጅና ስለተበላሸ አይታደስላችሁም፤ ውሃው በኮርኒሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ሊከፈል ይችላል፤ ለሶፋው ግን መጀመሪያ ንፋስ ወይም በረዶ ጣሪያውን ቀድዶ ዝናቡን ያስገባ መሆን አለበት።

«መደርመስ» የሚለው ቃልም በፖሊሲው ውስጥ የራሱ ትርጉም አለው። ሕንፃው ወይም ከፊሉ በድንገት ወድቆ ለታሰበለት አገልግሎት መዋል ሲያቅተው ነው። የተሰነጠቀ፣ የጎበጠ፣ ሊወድቅ የተቃረበ ኮርኒስ አይቆጠርም። የወደቀበት ምክንያትም ፖሊሲው ከሚጠቅሳቸው አንዱ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ የተደበቀ መበስበስ፣ በምስጥ የተበላ እንጨት፣ ጣሪያ ላይ የተጠራቀመ ዝናብ ክብደት። እዚህ ላይ «የተደበቀ» የሚለው ቃል ትልቅ ሚና አለው፤ መበስበሱን ቀድማችሁ ታውቁ ከነበረ ሽፋኑ ይነሳል። ውሃ ሳይነካው በእርጅና ከእንጨቱ ተላቆ የወረደ የዲሲ አሮጌ ቤት ልስን ብዙ ጊዜ ክርክር የሚያስነሳውም በዚህ ነው።

አብዛኛው ክሌም ግን የሚወድቀው በሌላ መስመር ነው፦ ለሳምንታት፣ ለወራት ወይም ለዓመታት የቆየ ማንጠባጠብ በሚለው። የላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት መቀመጫ ሥር ያለው የሰም ቀለበት፣ የሻወር ወለል፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎማ፣ ሰገነት ላይ የተቀመጠ የኤሲ ማሽን የተዘጋ የውሃ መውጫ፣ እነዚህ ናቸው የተለመዱት። ከ1978 እስከ 1995 ገደማ በተሠሩ ቤቶች ግራጫ ሆኖ «ፒቢ» የሚል ምልክት ያለበት የፕላስቲክ ቧንቧ ካለ፣ እሱ በድንገት በመፈንዳት የታወቀ ነው። የአጀስተሩ (ጉዳቱን እንዲገምት ኢንሹራንሱ የሚልከው ሰው) ሥራ ውሃው ዛሬ ፈነዳ ወይስ ሲንጠባጠብ ኖሯል የሚለውን መለየት ነው። የሚያየውም ምልክት አለው፦ ቀለበት በቀለበት ላይ የተደራረበ ቡናማ ዕድፍ፣ የጠቆረና በጣት ሲነኩት የሚፈርስ እንጨት፣ የዛገ ሚስማር፣ የዳበረ ሻጋታ።

ለዚህ ነው ኢንሹራንሱ በስልክ የሚቀዳው ቃለ መጠይቅ የሚያስፈራው። የኛ ሰው በጨዋነት ነገር ያለዝባል፤ «አይ፣ ድሮም ትንሽ ትንሽ ይላል» ይላል። ያቺ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስትገባ የወራት ማንጠባጠብ ሆና ትጻፋለች። መዋሸት አይገባም፤ ማታለል ከተገኘ ፖሊሲው በሙሉ ዋጋ ያጣል። ግን በትክክል ተናገሩ፦ ዕድፉን መጀመሪያ ያያችሁበትን ቀን፣ ስፋቱን፣ ምን እንዳደረጋችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ያንጠባጠበና የተጠገነ ቧንቧ የተለየ ነገር ነው፤ ከዚህኛው ጋር አታዋህዱት። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

የተበላሸውን ዕቃ አትጣሉ። የተሰነጠቀው ቧንቧ፣ የተቀደደው ጎማ፣ ከኮርኒሱ አንድ ቁራሽ በፕላስቲክ ይቀመጥ። የጠገነው ፕላምበር ደረሰኝ ላይ «ቧንቧ ተጠገነ» ብቻ አይበቃም፤ ምን እንደተሰበረ፣ የት እንደሆነና በአስተያየቱ ድንገተኛ መሆን አለመሆኑን ይጻፍላችሁ። ቧንቧው ራሱ አይከፈልም። እሱን ለማግኘት የተፈረሰው ግድግዳ ወይም ወለል ግን፣ ጉዳቱ ከተሸፈነ፣ ይከፈላል፤ ሰዉ ሳይጠይቀው የሚቀር ገንዘብ ይህ ነው።

ማድረቅ ግዴታችሁ ነው። አጀስተር እስኪመጣ ብሎ አርጥቦ ማቆየት ኢንሹራንሱን ከተጨማሪው ጉዳት ነፃ ያወጣዋል። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መያዝ ይጀምራል፣ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ለብቻው በ5,000 ወይም በ10,000 ዶላር የተገደበ ነው። ስለዚህ ፎቶና ቪዲዮ አንስታችሁ፣ ርጥቡን አውጥታችሁ፣ ማራገቢያና እርጥበት መሳቢያ ማሽን ተከሉ። የማድረቂያ ድርጅት ከጠራችሁ በየቀኑ የእርጥበት ልኬት መዝግቦ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ማሽኖቹ በቀን ስለሚከራዩ ያለ መዝገብ የቀረበ ሂሳብ ይቆረጣል። ስትፈርሙ አንድ ወረቀት ተጠንቀቁ፦ የካሳ መብታችሁን ለድርጅቱ የሚያስተላልፈውን። ከፈረማችሁት ከኢንሹራንሱ ጋር የሚደራደረው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም።

አጀስተሩ ሲመጣ የሚያወጣው ግምት ብዙውን ጊዜ ዛክቲሜት በሚባል ፕሮግራም የተሠራ ነው። መስመር በመስመር አንብቡት። ባለ 12 በ14 ጫማ ክፍል 168 ካሬ ጫማ ኮርኒስ አለው፤ የወደቀው 12 ካሬ ጫማ ብቻ ቢሆንም ቀለሙ ከጥግ እስከ ጥግ ካልተቀባ መጠገኛው ፊት ላይ እንዳለ ፋሻ ይታያል። የሚረሱት እነዚህ ናቸው፦ ኢንሱሌሽን፣ አምፖልና የጭስ ጠቋሚ ማውረድና መስቀል፣ ዕቃ ማንሳትና መመለስ፣ ወለል መሸፈኛ፣ ቆሻሻ መጣያ፣ ፈቃድ። ድራይዎል ሠሪ፣ ኤሌክትሪሺያንና ቀለም ቀቢ አንድ ላይ የሚያስፈልጉ ከሆነ ሥራውን የሚያስተባብር ዋና ኮንትራክተር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለሱ የተለመደው 10 በመቶ ወጪና 10 በመቶ ትርፍ እንዲታከል በጽሑፍ ጠይቁ።

ቼኩ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ ስለሚያንስ። ለምሳሌ ጥገናው 14,000 ዶላር ቢገመት፣ የእርጅና ቅናሹ 3,000፣ ዲዳክቲብሉ 2,000 ቢሆን፣ የመጀመሪያው ቼክ 9,000 ነው። ፖሊሲው የአዲስ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ 3,000ው ሥራው አልቆ ደረሰኝ ሲገባ ይለቀቃል፤ በተለመደው ቅጽ ግን ይህን እንደምትጠይቁ ጉዳቱ በደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። ሞርጌጅ ካለ ቼኩ ላይ የባንኩም ስም ይኖራል። ባንኩ ሳይፈርም አይመነዘርም፣ ትልቅ ከሆነም ሥራውን እያየ ከፋፍሎ ይለቀዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ደውላችሁ አሠራራቸውን ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ ኮንትራክተር ከጠቅላላ ዋጋው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅድሚያ መቀበል አይችልም፣ የክልሉ የቤት ማደሻ ፈቃድም ሊኖረው ይገባል። «ዲዳክቲብሉን እኔ እችልላችኋለሁ» የሚል ካለ ተሰናበቱት፤ ሂሳቡን አሳብጦ ነው የሚችለው፣ ያ ሂሳብ የሚገባው ደግሞ በናንተ ስም ነው።

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ ጥር የቧንቧ መቀዝቀዣ ወር ነው። ቤቱ ባዶ ሆኖ ቧንቧ በቅዝቃዜ ከፈነዳ፣ ማሞቂያው እንዲሠራ ጥንቃቄ አድርጋችሁ ወይም ውሃውን ዘግታችሁ ቧንቧውን አፍስሳችሁ ካልሆነ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። ቴርሞስታቱን ከ55 ፋራናይት በታች አታድርጉ፣ ዋናውን ቫልቭ ዝጉ፣ የመዘጋቱን ፎቶ ያዙ።

ኮንዶ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በሜሪላንድ ሕግ የሕንፃው ማኅበር ዋና መድን ቢከፍልም፣ ውሃው የተነሳበት ቤት ባለቤት የማኅበሩን ዲዳክቲብል ሕጉ እስከሚወስነው መጠን ድረስ ሊጠየቅ ይችላል። የናንተ ኤችኦ-6 (የኮንዶ ባለቤት) ፖሊሲ ይህን የሚሸፍን መሆኑን ዛሬ አረጋግጡ። ተከራይ ከሆናችሁ የአከራዩ መድን ኮርኒሱን እንጂ አልጋችሁን አይከፍልም፤ ለሱ የተከራይ መድን ያስፈልጋል።

ጉዳቱ ከዲዳክቲብሉ ብዙም ካልበለጠ ክሌም ባይከፈት ይሻላል፤ የክሌም ታሪክ ኩባንያዎች በሚጋሩት መዝገብ እስከ 7 ዓመት ይቆያል፣ የሚቀጥለውን ዋጋ ይነካል። ከበለጠና «አንከፍልም» ከተባላችሁ፣ የተመሠረቱበትን የፖሊሲ አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ። ክርክሩ በገንዘቡ መጠን ላይ ብቻ ከሆነ የግምት ሽማግልና የሚባል አንቀጽ አለ፦ በ20 ቀን ውስጥ ሁለቱም ወገን ገማች ይመርጣሉ፣ ገማቾቹ አንድ ዳኛ ይሰይማሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል። ይሸፈናል አይሸፈንም ለሚለው ግን አይሠራም። ለዚያ አቤቱታ የሚቀርበው በሜሪላንድ ለክልሉ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ ለኮርፖሬሽን ኮሚሽኑ የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ ደግሞ ለኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንኪንግ መምሪያ ነው። ክፍያ የለውም። አቤቱታው ላይ የክሌም ቁጥሩን፣ የእምቢታ ደብዳቤውን፣ የፕላምበሩን ወረቀትና ቀን ያለባቸውን ፎቶዎች አያይዙ።