በአውራ ጣት የተፈረመ ወጥ ቤት

ባለፈው እሑድ ለቡና የመጡት ጎረቤታችን እማማ፣ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን የሠራላችሁ ሰው ፊደል አልቆጠረም እንዴ? በጣቱ ፈርሞላችሁ ሄዷል እኮ» ያሉት ንግግር ይኸው ሳምንት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ፊደል በማስቆጠር ደመወዝ መብላት ከጀመርሁ ደግሞ 14 ዓመቴ ነው። «አዎ እማማ፣ ያልተማረ ሰው ነው» ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ጣጣው የመጣው ሁለቱ የካቢኔት ገበታዎች ከሚገናኙበት ስንጥቅ ነው። ላዩ ፎርማይካ ቢለብስም ውስጡ ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የተሠራ ቺፑድ ስለሆነ፣ ዕቃ በታጠበ ቁጥር ውሃው እየሰረገ ጠርዙን እንደ ሊጥ ኩፍ አደረገው፤ ያበጠ ቺፑድ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። አናጢው ሲገጥመው የተቆረጠውን ጠርዝ ምንም ሳይቀባ፣ «ውሃ አይነካውም» ብሎኝ ነበር። ከቧንቧ ሥር የተቀመጠን እንጨት ውሃ ካልነካው ምን ሊነካው እንደሚችል ዛሬም አልገባኝም። ቀብዱን ግን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ነው የተቀበለኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ጋቢዬን ተከናንቤ ራሴ ተነሣሁ። ስንጥቅ የሚደፈንበት ሲሊኮን የሚሉት ሙጫ አዲሱ በአሮጌው ላይ አይዝምና የቀድሞውን በምላጭ ፋቅሁ፤ ቅባቱን ጠረግሁ፤ ስንጥቁን በባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያ አደረቅሁ፤ ከግራና ከቀኝ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ሲሊኮኑን ከሞላሁ በኋላ የሳሙና ውሃ በነካ ጣት አለሰለስሁት። ቤቱ አቼቶ አቼቶ ቢሸትም መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ቱቦው ላይ «24 ሰዓት አይነካ» ተብሎ ተጽፏል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሲሊኮን ከዚያም በላይ ይዘገያል። እኔ ግን በ20 ደቂቃ ውስጥ ላዩ ስስ ቆዳ ማውጣቱን አይቼ፣ ደርቆ እንደሆን ላረጋግጥ ብዬ አውራ ጣቴን አሳረፍሁበት።

እንዲህ ያለ ጥራት ያለው አሻራ በሕይወቴ ሰጥቼ አላውቅም። በልጅነቴ ማጭድ የቆረጠኝ ጠባሳ እንኳ ሳይቀር ወጥቷል። ይህ እኮ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ ማሽኑ አልቀበል ያለው፣ «መምህር፣ ጠመኔ በልቶታል፣ አይነበብም» እየተባልሁ እጄን በተደጋጋሚ ታጥቤ ሦስት ቀን የተመላለስሁበት ጣት ነው! ሲሊኮኑ ግን ቀጠሮ ሳይሰጥ በአንድ ንክኪ አነበበኝ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስኳር ቢጎድል ተጠርጣሪው ታውቋል፤ ልጆቼም በውርስ ቢካሰሱ የአባታቸውን ፊርማ ከነካቢኔቱ ቆርጠው ለችሎት ማቅረብ ይችላሉ።

ባለቤቴ የስኳር ዕቃውን አስቀምጣበታለች። በየማለዳው ሳነሣው ግን፣ ጣቴ ባሳሳው ቦታ ላይ ውሃው በአሻራዬ መስመሮች ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቀኛል።

ትናንት ደግሞ እማማ በአጥር በኩል ጠሩኝ። የእርሳቸውም ገበታ ውሃ እየገባበት ነው፤ ሠራተኛ እንድፈልግላቸው ከለመኑኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ሰውዬህን ግን እንዳትልክብኝ» አሉኝ።