እሑድ አልገባም

የምሠራው ዳላስ አጠገብ ባለ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ሺፍት ሊድ ነኝ። ኖቬምበር ሲገባ የገና ዕቃ ይጎርፋል፤ ያኔ ኦቨርታይም በውዴታ ሳይሆን በግዴታ ይሆናል። በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) እሑድም ተጨመረ።

ማሸጊያው ላይ የምትሠራ አንዲት የእኛ ልጅ አለች። እጇ ፈጣን ነው፣ አታረፍድም፣ ግን ከእሑድ ቅዳሴ አትቀርም። ሱፐርቫይዘሩን ጠየቀችው። «ላንቺ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው» ብሎ መለሳት። ብሬክ ሩም ውስጥ ስትነግረን ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት «ተዪው ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» አሏት። ሌላው «የሰው አገር ነው፣ እንጀራሽን እንዳታጪ» አለ። እሷ ግን «እሑድ አልገባም፣ ካባረሩኝ ያባሩኝ» ብላ ምሳዋን ከደነች።

ፎርክሊፍት ነጂያችን ከጎን ያዳምጣል። ቋንቋው ባይገባውም ፊቷን አይቷል። ነጭ ቴክሳሳዊ ነው፤ ሳውዘርን ባፕቲስት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን። በ62 ዓመት ዲያቆን መሆን ለእኛ ስላሳቀን «ዲያቆኑ» የሚለው ስም በዚያው ጸና። በ1980 በ18 ዓመቱ አባቱ ዳላስ ሪዩኒየን አሬና ይዞት ሄዶ ያኔ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረውን ሬገንን አይቷል። ሬገን እዚያ ለተሰበሰቡት ፓስተሮች እናንተ እኔን መደገፍ አትችሉም፣ እኔ ግን እናንተን እደግፋለሁ ያለበት ቀን ነው። ዲያቆኑ ይህን ሲያወራ ዛሬም ዓይኑ ይበራል። የሬገን ተፎካካሪ ካርተር ራሱ ባፕቲስትና የሰንበት ትምህርት አስተማሪ እንደነበር ስታነሳበት ግን ወሬ ይቀይራል።

ትራምፕ ያሸነፈ ሳምንት ደግሞ ዶናት ገዝቶ መጣ። የጥገኝነት ኬዙ ገና ያልተቋጨለት ልጃችን ዶናቱን ሳይነካው ወጣ። ዲያቆኑ ለምን እንደሆነ የገባው አልመሰለኝም።

እና ይኸው ሰውዬ ነው ልጅቷ ብሬክ ሩም ውስጥ ያን ባለች በማግሥቱ ከሸሚዝ ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለልጅቷ የሰጣት። ቢጫ ማርከር ተቀብቷል። «በአፍ አትጠይቂ፣ ጽፈሽ ለኤች አር ስጪ» አላት፤ የሠራተኞች አስተዳደር ማለቱ ነው።

ወረቀቱ ስለ ጄራልድ ግሮፍ ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ፖስታ የሚያድል ወንጌላዊ ክርስቲያን ነበር። ፖስታ ቤቱ የአማዞንን ዕቃ እሑድ ማድረስ ሲጀምር «ሰንበቴን አልሽርም» አለ፤ ቅጣቱ ሲደራረብበት በ2019 ሥራውን ለቀቀና ከሰሰ። ጁን 29፣ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ለ 0 ፈረደለት። አሠሪ የሠራተኛውን የሃይማኖት ጥያቄ እምቢ የሚለው ከሥራው ስፋት አንጻር ከባድ ወጪ እንደሚያስከትልበት ካሳየ ብቻ ነው። ሌሎች ሠራተኞች የሰውየውን ሃይማኖት ስላልወደዱት ብሎ መከልከል አይቆጠርለትም።

ከዚያ በፊት መለኪያው ሌላ ነበር። በ1977 ቅዳሜን ሰንበት የሚያደርግ ላሪ ሀርዲሰን የሚባል የአየር መንገድ ሠራተኛ ተሸንፎ፣ አሠሪ ከኢምንት ያለፈ ወጪ ካለብኝ እምቢ ማለት እችላለሁ የሚልበት በር ተከፈተ። ያኔ «ይህ ፍርድ አናሳ ሃይማኖቶችን ይጎዳል» ብሎ የተቃወመው ሊበራሉ ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ነበር። 46 ዓመት ቆይቶ ነገሩን ያስቀየረው ግን ግሮፍን ወክሎ የተሟገተው ፈርስት ሊበርቲ የሚባል የወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች የሕግ ድርጅት ነው። ቢሮው ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ ፕሌኖ ነው።

እኔ እስከዚያ ድረስ የነዚህ ሰዎች ፖለቲካ በአራት ዓመት አንዴ ተሰልፎ መምረጥ ይመስለኝ ነበር። በእርግጥ ይመርጣሉ፤ ከነጭ ወንጌላውያን ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ ትራምፕን መርጠዋል። ዋናው ጉልበታቸው ግን ትዕግሥታቸው ነው። ጠበቃ ያሠለጥናሉ፣ ኬዝ ይመርጣሉ፣ ዳኛ እስኪሾም ይጠብቃሉ። የግሮፍን ፍርድ የጻፈው ዳኛ አሊቶ በ2022 ዶብስ በሚባለው ክስ ላይ የፅንስ ማቋረጥን መብት የሻረውን ፍርድም የጻፈ ነው። ከግሮፍ በማግሥቱ ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ለተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ዌብሳይት አልሠራም ላለች የኮሎራዶ ዲዛይነር 6 ለ 3 ፈረደላት። ሁሉም ከአንድ ጓዳ የወጣ ነው።

እኛ አበሾች በዚህ ነገር ሁለት ቦታ እንከፈላለን። አንዱ «እግዚአብሔርን የሚፈሩት እነሱ ናቸው» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይከተላቸዋል። ሌላው «እኛን አይወዱንም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ለእኔ ሁለቱም ስንፍና ነው። ሕግ አንዴ ከወጣ ያወጣውን ሰው አይጠይቅም። ልጅቷ በግሮፍ ፍርድ ስትጠቀም የዲያቆኑን የስደተኛ ፖሊሲ የመደገፍ ዕዳ የለባትም።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍን። ከአሥር መስመር አይበልጥም፦ ምን እንደምታምን፣ የትኛው ሰዓት እንደሚጋጭባት፣ በምትኩ መቼ መሥራት እንደምትችል። የመጨረሻው ዋና ነው፤ አማራጭ ይዞ የመጣን ሰው ኤች አር በቀላሉ አይመልስም። በእሑዱ ፋንታ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ገባች። ለጃንዋሪ 7ቱ ገናችን ደግሞ አንድ ሱዳናዊ ባልደረባችን ሺፍት ተቀያየራት። ሱፐርቫይዘሩ ሳምንት ሙሉ ፊቱን ቋጥሮ ከረመ፣ ከዚያ ረሳው።

ሱዳናዊው ግን አልረሳም። ፀደይ ላይ እሱም ጻፈ፤ ለአርብ ጁምዓ የምሳ ሰዓቱ ይራዘምልኝ፣ ማታ አካክሳለሁ አለ። ችግሩ በዚያ ሰዓት ፎርክሊፍቱን የሚይዝለት ሰው አለመኖሩ ነበር። ዲያቆኑን ስጠይቀው ዝም አለ። ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን አከከ።

«ወረቀቱ ላይ ሙስሊም አይጨምርም የሚል የለም» አልኩት።

«የለም» አለ። «አንብቤዋለሁ።»

አርብ አርብ አሁን እሱ ይይዝለታል። ያጉረመርማል፣ ግን ይይዛል። ዶናቱን ያልነካው ልጃችንም የፍርድ ቤት ቀጠሮውን እየጠበቀ ነው፤ ለእሱ ማንም ወረቀት አላመጣለትም።