ውሃ ልክ ውሃ ላይ አይሠራም፦ የናሮውቦት ተደራራቢ አልጋ፣ ሦስተኛው ሙከራ

የላይኛው አልጋ በመጨረሻ ሳይጮህ ተነሣ፣ ሳይቧጥጥ ወረደ፣ 110 ኪሎ ተጭኖበትም ንቅንቅ አላለም። የቀደሙት ሁለቱ ለምን እንደከሸፉ ሳይረሳ ይጻፍ ተብሎ ነው ይሄ፤ በተለይ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚታጠፍ አልጋ ለምታስቡ።

ናሮውቦት የእንግሊዝ ቦዮች ላይ የምትሄድ ቀጭን የብረት ጀልባ ናት። ስፋቷ 2.08 ሜትር፣ ርዝመቷ እስከ 22 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስፋቱን የመረጠው ጀልባ ሠሪው አይደለም። መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በቀየሳቸው ቦዮች ላይ፣ በ1777 እ.ኤ.አ. ያለቀውን ትሬንት ኤንድ መርሲን ጨምሮ፣ ሎኮቹ (ጀልባ በውሃ ከፍ ዝቅ የሚልባቸው ክፍሎች) 2.13 ሜትር ገደማ ሆነው ቀሩ። እዚያ ማለፍ የፈለገ በዚያ ልክ ይሠራል። ድሮ ጭነት የሚያመላልሱ ቤተሰቦች ሦስት ሜትር ገደማ በሆነች የኋላ ክፍል ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ የአንዱ ቁም ሳጥን በር ወደ ታች ሲዘረጋ አልጋ፣ የሌላው በር ጠረጴዛ ይሆን ነበር። ሐሳቡ ሁሉ የተሰረቀው ከእነሱ ነው።

የውስጡ ስፋት አንድ ቁጥር የለውም። የጀልባዋ ጎን ከወለሉ 750 ሚሊ ላይ ደረጃ ይሠራል፤ ጀልበኞቹ ገነል ይሉታል። በዚህች ጀልባ ከገነሉ በታች 1.86 ሜትር፣ ልክ ከገነሉ በላይ 1.78፣ ጣሪያው ሥር 1.62 ነው። ማለትም ግድግዳው ከገነል እስከ ጣሪያ በየጎኑ 80 ሚሊ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ሆን ተብሎ ነው፤ ድልድይ ሥርና ዋሻ ውስጥ የጀልባዋ ትከሻ እንዳይፋቅ። ይህችን 80 ሚሊ ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው። ከፍታው መሀል ላይ 1.90፣ ግድግዳው ጥግ 1.82 ሜትር ነው።

አልጋው የተዘረጋው በጀልባዋ ርዝመት ነው። በስፋቷ ቢዘረጋ 1.78 ሜትር ብቻ ያገኛል፣ ያውም መተላለፊያውን ዘግቶ። ለልጅ ይበቃል፤ ልጅ ግን ያድጋል። ክፍፍሉ፦ አልጋ 680፣ መተላለፊያ 620፣ ቁም ሳጥን 480 ሚሊ።

የታችኛው አልጋ ብዙ የሚወራበት የለም። የ18 ሚሊ ፕላይውድ ሳጥን፣ ሥሩ ሁለት መሳቢያ፣ ላዩ ርብራብ፣ 100 ሚሊ ስፖንጅ፤ የፍራሹ አናት ከወለል 450 ሚሊ። ኤም ዲ ኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ግን ጀልባ ውስጥ አታስገቡ። ጠርዙ እርጥበት ሲጠጣ እንደ ዳቦ ይነፋል፣ ብሎኑም ይለቃል። ርካሽ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ የተሠራው መሳቢያ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ውሃ ልኩ። አናጢ ምድር ላይ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያወጣው ውሃ ልክና ቱንቢ ነው። እዚህ ግን የአረፋዋ መሀል መቆም የሚነግራችሁ ጀልባዋ ዛሬ ጠዋት እንዴት እንደተንሳፈፈች ብቻ ነው። የውሃ ታንከሩ ያለው አፍንጫዋ ላይ ነው፣ 500 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ ፊቷ ይዘፈቃል፣ ሲጎድል ይነሣል። አንድ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር ደግሞ ወለሉ አብሮት ያዘነብላል። የላይኛውን አልጋ ግድግዳው ላይ የሚይዘው የመጀመሪያው ተሸካሚ ሞራሌ ታንከሩ ባዶ ሳለ በውሃ ልክ ታሰረ። ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ሲተያይ በ1.95 ሜትር ውስጥ 6 ሚሊ ጠሞ ተገኘ፤ ለዓይን ደግሞ 6 ሚሊ ብዙ ነው።

ልኩ የሚወሰደው ከራሷ ከጀልባዋ ነው። ከፊተኛው ክፍልፍል እስከ ኋለኛው በገነል ከፍታ ሲባጎ ይወጠርና ወደ ላይም ወደ ታችም ከእሱ ይለካል። ለ90 ዲግሪ ማዕዘን ጎኖቹ 60፣ 80፣ 100 ሳንቲ፤ የሕንፃ መሠረት ሲቀየስ የምታውቁት ያው ሦስት ማዕዘን። ትንሿ ስኳድራ ለ1.95 ሜትር አትበቃም። ሜትሩም በተቻለ መጠን ኪስ ውስጥ ይቆይ። የ3 ሚሊ ፕላይውድ ቁርጥራጮችን በሙቅ ኮላ እያያያዙ የግድግዳውን ቅርጽ መገልበጥ፣ ከዚያ ቅርጹን እንጨቱ ላይ አስተኝቶ ማስመር፣ ከየትኛውም የተጻፈ ቁጥር ይሻላል። ቁጥር ጽፈን የቆረጥነው እንጨት ነው 18 ሚሊ ያጠረው።

እና ዋናው ራስ ምታት፦ ማጠፊያው።

የላይኛው አልጋ ቀን ቀን መጥፋት አለበት፤ ያለዚያ የታችኛው ላይ አጎንብሶ እንጂ ቀና ብሎ የሚቀመጥ የለም። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወደ ላይ ማጠፍን ነው፤ የፊት ጠርዙን አንስቶ ግድግዳው ላይ ማስደገፍ። ሁለት ጊዜ ተሞከረ። አልጋው 600 ሚሊ ይሰፋል፤ በዚያ 600 ሚሊ ውስጥ ግድግዳው 45 ሚሊ ወደ ክፍሉ ይመጣል። ወደ ላይ ሲታጠፍ ፍራሹ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ይገባል። ማጠፊያው ከግድግዳው 110 ሚሊ ቢርቅ፣ አናቱ ላይ የሚቀረው 65 ሚሊ ነው፤ ፍራሹ ግን 100 ነው። ስለዚህ ወይ ማጠፊያው ወደ 150 ሚሊ ይገፋና የመኝታ ስፋት ይበላል፣ ወይ አልጋው ቀጥ ብሎ ሳይቆም መተላለፊያው ላይ እንዳንዣበበ ይቀራል።

ማንዣበቡ ነው አደገኛው። ክፈፉ 15 ኪሎ፣ ፍራሹ 4፤ በአንድ ላይ 19 ኪሎ ገደማ። ጀልባዋ ጸጥ ብላ ስትቆም የማግኔት መያዣ ይበቃዋል። ጀልባ ግን ጸጥ አይልም፤ ሎክ ውስጥ ስትገባ ጎኗ ድንጋይ ይመታል፣ አጠገቧ የታሰረውን ሌላው ሲገፋው እሷም ትናወጣለች። የተጨመቀው ስፖንጅ ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ሁሌ ወደ ውጭ ይገፋል። ማግኔቱ አንድ ቀን ይለቃል፣ ከሥሩ የተቀመጠው ሰው ራስ ላይ። የጋዝ ፒስተን ጨምሩበት የሚል ምክር በየቦታው አለ። ለ19 ኪሎ ፒስተን አያስፈልግም። አልጋው በተዘጋ ቁጥር ቀን ከሌት ክፈፉን እየገፋ ያጣምመዋል።

መፍትሔው ማገላበጥ ሆነ፦ አልጋው ወደ ታች ይታጠፍ። ማጠፊያው የኋላው ክፈፍ ታችኛ ጥግ ላይ፣ ከወለሉ 1080 ሚሊ ላይ ይሁን። የፊት ጠርዙ ሲወርድ የአልጋው ላይኛ ፊት ወደ ክፍሉ ይዞራል፣ ፍራሹም የታችኛው አልጋ የጀርባ መደገፊያ ይሆናል። ሌሊት አልጋ፣ ቀን ሶፋ።

የግድግዳው ማዘንበል ደግሞ ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት ተለወጠ። ተሸካሚው ሞራሌ 45 ሚሊ ነው፤ ከማጠፊያው እስከ ገነሉ ግድግዳው 25 ሚሊ ይሸሻል፤ በአንድ ላይ 70 ሚሊ ባዶ ቦታ ከአልጋው ጀርባ ይፈጠራል። ክብደቱ ያለው ከማጠፊያው ዘንግ ወደ ክፍሉ በኩል ስለሆነ፣ ተንጠልጥሎ ሲለቀቅ ራሱ የታችኛውን ጠርዝ ወደ ግድግዳው ይወስዳል። ገነሉ ከፍታ ላይ 30 ሚሊ ውፍረት ያለው ላስቲክ የለበሰ እንጨት ሲለጠፍ፣ አልጋው እዚያ ያርፍና 7 ዲግሪ ወደ ኋላ ይጋደማል። ታጥፎ ሳለ መያዣም መቀርቀሪያም አያስፈልገውም። የመቀመጫው ጥልቀት 500 ሚሊ ገደማ ይወጣል፤ ለጀርባ የሚመች ልክ።

እዚህ ላይ የምታመልጥ አንዲት ስሌት አለች። ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል የታችኛው ጠርዝ 480 ሚሊ ላይ ነው፤ ከታችኛው ፍራሽ አናት 30 ሚሊ ይርቃል። 7 ዲግሪ ሲጋደም ግን የፍራሹ የፊት ጥግ 18 ሚሊ ይወርዳል። የቀረው 12 ሚሊ ብቻ ነው። የታችኛው ፍራሽ በ120 ከተለወጠ አልጋው አይዘጋም። ስለዚህ ፍራሽ መጀመሪያ ይገዛ፣ እንጨት ኋላ ይቆረጥ። ፍራሹም ከአልጋው ጋር በሁለት መስመር ቬልክሮ ይያዝ፤ ያለዚያ ተንሸራቶ ይወርዳል።

ክፈፉ 70 በ28 ሚሊ ጣውላ ነው፤ ላዩ የ12 ሚሊ በርች ፕላይውድ። ማጠፊያው ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ረጅሙ ዓይነት፣ የማይዝግ ብረት። ይህ ማጠፊያ ቀጥ ያለ ነገር ካላገኘ ይናከሳል፤ የጀልባ ግድግዳ ደግሞ ቀጥ ብሎ አያውቅም፣ 4 ሚሊው ላሜራ ሲበየድ ስለሚጎብጥ። ሞራሌው ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ አብሮ ይጎብጣል። ሲባጎ ወጥሮ፣ ከሞራሌው ጀርባ ስስ ቁርጥራጭ እየከተቱ ማቅናት ነው። ብሎኑ 80 ሚሊ ይሁን፦ ሞራሌው 45፣ ልባሱ 9፣ ከኋላ ያለው ማሰሪያ እንጨት 38፣ ላሜራው 92 ላይ ነው። 100 ሚሊ ብሎን የተጠቀመ ብረት ይነካል፤ ብረት የነካ ብሎን ደግሞ ብርዱ ወቅት ሙሉ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጋል፣ ቅዝቃዜውን ይዞ ስለሚገባ። የኤሌክትሪክ ገመድ የት እንዳለፈ ሳታውቁም አትሰርስሩ።

የፊት ጠርዙን የሚሸከመው ምንድን ነው? ሰንሰለት ከጣሪያ ማውረድ ቀላል ነው፤ ግን ተኝቶ የሚዞር ሰው ክርኑን ይመታበታል፣ አልጋውም ይወዛወዛል። የተመረጠው በሁለቱ ጫፎች 12 ሚሊ የማይዝግ መቀርቀሪያ፣ ጎንና ጎን ባሉት ክፍልፍሎች ውስጥ የሚገባ። ብረቱ ከበቂ በላይ ነው፤ የሚደክመው የክፍልፍሉ 18 ሚሊ ፕላይውድ ነው። ከኋላው ሌላ 18 ሚሊ በኮላ፣ ከፊቱ ባለ ቀዳዳ 4 ሚሊ ብረት ያስፈልገዋል። ቀዳዳው በልኬት አይሰርሰር። አልጋው ተከፍቶ በሁለት እንጨት ይደገፍ፣ ሲባጎው ይመሳከር፣ ከዚያ በመቀርቀሪያው ቱቦ ውስጥ መሰርሰሪያው ይለፍ። ለየብቻ ለክተን የሰረሰርነው 5 ሚሊ ስቶ እስከ ዛሬ በፑቲ ተሸፍኖ ይታያል።

ክፍልፍሎቹም ትይዩ አልነበሩም፤ ግድግዳው ጋ 1950፣ መተላለፊያው ጋ 1936 ሚሊ። ክፈፉ 1920 ተቆረጠ፣ በጠባቡ በኩል በየጎኑ 8 ሚሊ እንዲተርፍ። ጠበቅ ያለ ሥራ ቆንጆ ይመስላል፤ እርጥብ ወቅት ላይ ግን እንጨቱ ያብጥና አይወርድም።

እርጥበቱን በአጭሩ። የታችኛው ፍራሽ የሚተኛው ከውጭው ውሃ መስመር ጋር በሚቀራረብ ከፍታ ላይ ነው፤ ጎኑ ቀዝቃዛ ነው። ፍራሹ ግድግዳውን ከነካ በሳምንታት ውስጥ ሻጋታ ያወጣል። 25 ሚሊ ክፍተት፣ ከሥሩ ርብራብ፣ የላይኛው ፕላይውድ ላይ በየ150 ሚሊው 40 ሚሊ ቀዳዳ። መሳቢያዎቹም ከኋላ ክፍት ይሁኑ። የጣሪያውን አየር መግቢያ አልጋው አይጋርድ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙም ከአልጋው ጀርባ እንዳይቀር፤ የብሪታንያ የጀልባ ደኅንነት ምርመራ ሥርዓት የሆነው ቦት ሴፍቲ ስኪም ከኤፕሪል 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኝታ ላላቸው ጀልባዎች ግዴታ አድርጎታል።

ላይ የተኛ ሰው እንዳይወድቅ የሚያግደውን መከላከያ በግምት የሚሠራ ሰው ያናድዳል። የአውሮፓው የተደራራቢ አልጋ ደረጃ፣ ኢኤን 747፣ ከፍራሹ አናት በላይ ቢያንስ 160 ሚሊ ይጠይቃል፤ በመከላከያው ውስጥ የሚቀረው ክፍተት ከ60 እስከ 75 ሚሊ። ከዚያ የሰፋ የልጅ ገላ አሳልፎ ጭንቅላት ያስቀራል። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ የላይኛው አልጋ ላይ አይተኛም። እዚህ ተነቃይ ሳንቃ ነው፣ ሁለት ኪስ ውስጥ የሚሰካ። ኪሶቹ ከክፈፉ ውጭ ከተለጠፉ አልጋው ሲወርድ የታችኛውን ፍራሽ ይጭራሉ፤ ወደ ውስጥ ይጠረቡ።

ሲያልቅ ጀልባዋ ወደ አልጋው በኩል ትንሽ አዘነበለች። 60 ኪሎ እንጨት አንድ ጎን ላይ ነው። ከወለሉ ሥር ካሉት የክብደት ጡቦች ጥቂቶቹን ወደ ሌላው ጎን ማዞር በቃ፤ ቁም ሳጥኑን መጽሐፍ መሙላትም ያው ነው።

መሰላሉ ገና ነው። 620 ሚሊ መተላለፊያ ላይ ቋሚ መሰላል አይታሰብም፣ ተነቃይ ደግሞ ቀን የሚቀመጥበት የለም። አሁን የሚታሰበው ክፍልፍሉ ላይ ሦስት የእግር መግቢያ መቁረጥ ነው። 18 ሚሊ ጠርዝ ግን ለባዶ እግር ቢላ ነው፤ ከኋላው 40 ሚሊ ክብ እንጨት ቢለጠፍ ሦስተኛው መግቢያ ከቀኙ መቀርቀሪያ ብረት ጋር ይጋጫል። ሁለት ብቻ አድርጎ የተጠቀመ ካለ፣ በስንት ከፍታ እንዳስቀመጣቸው ይጻፍልን።