ለሮቦት ጋሪ ነው የምሰራው

እማዬ ከደብረ ዘይት እሁድ እሁድ ትደውላለች፣ ስራ እንዴት ነው ትለኛለች፣ ደህና ነው እላታለሁ፣ በቃ በዚህ እንተላለፋለን። አንድ ቀን ግን "ቆይ አንተ፣ ምንድነው በትክክል የምትሰራው?" ብላ ያዘችኝ። በሮቦት ኦፕራሲዮን ሲደረግ ሮቦቱ የሚቆምበትን ባለጎማ እንትን... ብዬ ጀመርኩና ቃል ጠፋኝ፣ ጋሪ አልኳት በቃ። ትንሽ ዝም አለችና "እዚህ ሰፈር ጋሪ ሞልቶ አሜሪካ ድረስ ለጋሪ ሄድክ?" አለችኝ። ቀጥላም "ፈረሱስ?"

ስቀን አለፍነው ግን እውነቷን ነው፣ ጋሪ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ድርጅት (ስሙ ይቅር) ሜካኒካል ኢንጂነር ነኝ፣ የሮቦቱን ክንዶች የሚሰሩት ልጆች ቪዲዮ ላይ ይወጣሉ፣ ኮንፈረንስ ይሄዳሉ፣ እኔ ደግሞ ሻንሲ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ኩሽኔታ ላይ ነኝ፣ መርካቶ ጋራዥ ቢሆን ከዚህ ብዙም የማይለይ ስራ ነው። መጀመሪያ ሲመድቡኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ሮቦት ልሰራ መጥቼ ጎማ? አሁን ግን ማንም ክንዱን እየነጠቀ ቢሰጠኝ አልቀይርም፣ ለምን እንደሆነ ነው የምጽፈው።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። የሮቦት ኦፕራሲዮን ሲባል ብዙ ሰው ማሽኑ ብቻውን ሆድ ከፍቶ የሚሰፋ ይመስለዋል፣ እንደዛ አይደለም፣ ሐኪሙ እዛው ክፍል ውስጥ ኮንሶል የሚባለው ላይ ቁጭ ብሎ እጁን ሲያንቀሳቅስ የሮቦቱ ክንዶች በሽተኛው ጋ ሆነው የሱን እጅ አሳንሰው ይደግሙታል። በጣም የታወቀው ዳ ቪንቺ ነው፣ ኢንቱዩቲቭ ሰርጂካል የሚባለው ድርጅት የሚሰራው፣ የአሜሪካው የመድሃኒትና የህክምና እቃ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2000 ነው ለሆድ ቀዶ ጥገና የፈቀደለት። ሶስት ቁራጭ ነው፤ ኮንሶሉ፣ ስክሪንና የካሜራ እቃ የተደረደረበት ታወር፣ እና ክንዶቹን የተሸከመው ጋሪ። በ2014 የወጣው ኤክስአይ የሚባለው ሞዴል ጋሪው ብቻውን ወደ 800 ኪሎ ይጠጋል፣ ሁለት የሰባ ሰንጋ በሉት። ይሄ ሰንጋ ነው እንግዲህ ከበሽተኛው ጎን መጥቶ በሴንቲሜትር ተለክቶ ቆሞ፣ ስራው ሲያልቅ ተመልሶ ወደ ጥጉ የሚሄደው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጋሪው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር እንዲሆን ነው የሚጠበቀው። ጠዋት አንድ ነርስ በአንድ እጇ እየገፋች ኬብሉን፣ የኦፕራሲዮን አልጋውን፣ የሰመመን ማሽኑን ሳትነካ አሽከርክራ ማቆም አለባት። ከቆመ በኋላ ደግሞ ግድግዳ ነው መሆን ያለበት። ለምን ብትሉ፣ ክንዱ መሳሪያውን የሚያስገባው ሆድ ላይ በተበሳች 8 ሚሊሜትር አካባቢ በሆነች ቱቦ ውስጥ ነው፣ ትሮካር ይሏታል፣ የክንዱ እንቅስቃሴ በሙሉ እዛች ነጥብ ላይ እየዞረ ነው የሚሰራው፣ ነጥቧ ከተንቀሳቀሰች የሆዱ ግድግዳ ነው የሚጎተተው። ክንዱ ከጋሪው አንድ ሜትር ወጥቶ ቢቆምና ጋሪው 0.1 ዲግሪ ብቻ ዘመም ቢል ጫፉ ላይ 1.7 ሚሊሜትር ሆኖ ይመጣል። 0.1 ዲግሪ በአይን አይታይም'ኮ።

እኔ ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። የመጀመሪያው ፕሮቶታይፕ (ለሙከራ የሰራነው ማለት ነው) አራት ጎማ ነበረው፣ አራቱም ላይ ፍሬን፣ ምርጥ የተባለ ጎማ ነው ያዘዝነው፣ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ንቅንቅ አይልም ነበር፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነው የወሰድኩት። ለሙከራ የሄድንበት ቦታ ወለል ግን ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ ፍሳሹ ትንሽ ዘንበል ያለ ነበር። ሐኪሟ ክንዱን ዘርግታ መርፌ ልትይዝ ስትል ጫፉ ይወዛወዛል። የሶፍትዌር ልጆቹ ሞተር ነው አሉ፣ የሞተር ልጆቹ ሶፍትዌር ነው አሉ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከሩ እኔ ጎንበስ ብዬ ወረቀት በጎማው ስር ባሳልፍ አለፈልኛ! አንደኛው ጎማ ወለሉን አልነካም። ቡና ቤት ውስጥ ስር ቆርኪ የምናስገባለት ጠረጴዛ አለ አይደል፣ እሱን ነበር ይዤ የሄድኩት፣ በስንት ሺህ ዶላር።

አያቴ ብትሰማ ትስቅብኝ ነበር። ጉልቻ ለምን ሶስት ሆነ? መሬቱ ምንም ያህል ቢጎረብጥ ሶስት ነገር ሁሌም መሬት ይነካል፣ አራተኛው ነው ጣጣ የሚያመጣው። ታዲያ ሶስት ጎማ አታደርጉትም ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ግን ሌላ ጉድ አለው። ጎማዎቹን አንድ ክብ ላይ ደርድሯቸው፣ አራት ከሆኑ ከመሃል እስከ መገልበጫው ጠርዝ ያለው ርቀት የራዲየሱ 0.7 ነው፣ ሶስት ሲሆኑ ግማሽ ብቻ፣ ማለትም ሶስቱ መሬት ይነካሉ ግን ቶሎ ይገለበጣሉ። ድስት ረጅም ክንድ ስለሌለው ጉልቻው አይቸገርም።

ስለዚህ በአራት ጎማ እንዲሄድና ሲቆም ግን ክሪክ እንዲወርድለት አደረግን፣ አዎ የመኪናው ክሪክ፣ አራት እግሮች በዘይት ግፊት ወርደው ጎማዎቹን ከጭነት ያሳርፏቸዋል። እያንዳንዱ እግር ላይ ክብደት የሚለካ ሴንሰር አለ፣ አራተኛው እግር የድርሻውን ሸክም እስኪያነሳ ድረስ መውረዱን ይቀጥላል፣ አራቱም ካልተሸከሙ ክንዱ አይነሳም በቃ፣ ሐኪሙ ቢቆጣም።

መገልበጥን ካነሳሁ አይቀር አይኢሲ 60601-1 የሚባል የህክምና ኤሌክትሪክ እቃዎች ስታንዳርድ አለ፣ እኛ ቤት እንደ ዳዊት ነው የሚደገመው። ለመጓጓዝ በታጠፈበት አቋሙ 10 ዲግሪ ተዳፋት ላይ መውደቅ የለበትም ይላል፣ በስራ ላይ ሲሆን 5 ዲግሪ። የክብደት ማእከሉ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ለ10 ዲግሪው ከጠርዙ ቢያንስ 17.6 ሴንቲሜትር ገባ ማለት አለበት፣ ስሌቱ የ10ኛ ክፍል ትሪጎኖሜትሪ ነው። ስሌቱ ላይ ማንም አይቸገርም፣ የሚያስቸግረው ክንዱ በተዘረጋ ቁጥር ማእከሉ አብሮ መሄዱ ነው። ደብረ ዘይት ጋሪ ላይ የተሳፈረ ሰው ይሄን በቂጡ ያውቀዋል፣ ባለሁለት ጎማዋ ጋሪ ላይ ከኋላ ሰው ከበዛ ዘንጎቹ ወደ ላይ ተነስተው ፈረሱን ያንጠለጥሉታል፣ ከፊት ከበዛ ጀርባውን ይጫኑታል፣ ለዛ ነው ባለጋሪው ሳይነሳ በፊት "ጋሼ እስቲ ትንሽ ወደፊት ጠጋ ይበሉልኝ" የሚለው። እኔ ጋ ጠጋ የሚልልኝ ጋሼ ስለሌለ ባትሪውንና ትራንስፎርመሩን ወለሉ ጋ አወረድኩ፣ እሱም ሲያንስ ብረት ጨመርኩ። አዎ፣ ባዶ ብረት፣ ምንም የማይሰራ፣ ለክብደት ብቻ። አለቃዬ ሲያየው ፊቱን ማየት ነበረባችሁ።

ብረት ስትጨምር ደግሞ መግፋቱ ይመጣል። ስታንዳርዱ ደልዳላ ወለል ላይ ለመግፋት ከ200 ኒውተን በላይ እንዳይጠይቅ ይላል፣ 20 ኪሎ እንደማንሳት ያህል ጉልበት ነው፣ ካለፈ ከአንድ ሰው በላይ ያስፈልገዋል ብለህ መመሪያው ላይ መጻፍ አለብህ። የኛ 300 ኪሎ ሆነ። ደልዳላ ላይ 60 ኒውተን አካባቢ ነው የሚፈልገው፣ ምንም አይደል። ግን ሆስፒታል ደልዳላ ብቻ አይደለማ፣ ራምፕ አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ለዊልቸር ተብሎ የሚሰራው 1 በ12 የሆነው (12 ሜትር ሲሄድ 1 ሜትር የሚወጣው) ራምፕ ላይ ስበቱ ብቻ ሌላ 245 ኒውተን ይጨምርብሃል፣ ከ300 አለፍክ። የሊፍቱ በር ጋ ያለችው ደፍም አለች። 10 ሚሊሜትር ደፍ መሻገር ስታንዳርዱ ራሱ የሚፈትነው ነገር ነው፣ ቆሞ ከነበረበት ለመግፋት አንድ ጎማ 75 ኪሎ ተሸክሞ ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ 56 ኪሎ አካባቢ ጉልበት ትፈልጋለህ፣ 20 ሴንቲሜትር ከሆነ ወደ 36 ይወርዳል። ትልቅ ጎማ አድርጋ በቃ! ግን ትልቁ ጎማ ሲዞር ቦታ ይፈልጋል፣ ጋሪውን ከፍ ያደርገዋል፣ ከፍ ካለ ከአልጋው ስር አይገባም፣ አልጋው ስር ካልገባ ክንዱ ይረዝማል፣ ክንዱ ሲረዝም ደግሞ... ገባችሁ።

መጨረሻ ላይ መሃል ላይ አምስተኛ ጎማ ጨመርን፣ ሞተር ያለው፣ በስፕሪንግ ወለሉ ላይ የሚጫን። ለእማዬ ስነግራት "ፈረስ ገዛችሁለት በለኛ" አለች።

ብዙ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ግን ፍሬኑ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ፍሬኑ ይለቀቅ ወይስ ይያዝ? ያው ይያዝ ትላላችሁ፣ የሊፍት ፍሬንም እንደዛ ነው፣ መብራት ሲሄድ በስፕሪንግ ይነክሳል። እኛም እንደዛ አደረግነው፣ መሳሪያው ሆድ ውስጥ እያለ ደግሞ የመንጃው ሞተር ጨርሶ እንዳይሰራ ቆለፍነው። ቆየት ብሎ በአንድ ስብሰባ ላይ የሰመመን ሐኪም የሆነ ሰውዬ እጁን አወጣና የበሽተኛው ልብ ቢቆምብኝስ አለ። ዝም። ልብ ሲቆም ደረት መጫን አለበት፣ ደረቱ ላይ ደግሞ የኛ ሮቦት ተንሰራፍቷል፣ መሳሪያዎቹን መንቀል ይቻላል፣ ክንዶቹን ማጠፍ ይቻላል፣ ግን በዛች ሰዓት ባትሪው ሞቶ ቢሆን አራቱ ክሪኮች ጋሪውን ከወለሉ ጋር እንደ ምሰሶ ተክለውታል። "መቆም" ሁሌ ደህንነት ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ ለኛ ጋሪ ግን ቆሞ መቅረትም አደጋ ነው። ስለዚህ አሁን ከኋላ ቀይ ፔዳል አለ፣ በእግር ስትረግጠው ዘይቱ ይለቀቃል፣ እግሮቹ በስፕሪንግ ይነሳሉ፣ ፍሬኑም አብሮ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ሶፍትዌር። ድሮ መኪና ላይ እንዳለው የእጅ ፍሬን ነው፣ ስልጡን ነገር የለውም። ማንም ሳያውቀው እንዳይረግጠው ደግሞ መሸፈኛ ይኑረው አይኑረው ብለን አራት ወር ተጨቃጨቅን፣ አለው።

ጋሪ የሚባለውን ነገር ሌሎች እንዴት እንዳመለጡት ማየት ደስ ይለኛል። ዜውስ የሚባለው የድሮ ሮቦት ክንዶቹ አልጋው ላይ ነበር የሚታሰሩት፣ በ2001 ኒውዮርክ ቁጭ ያለ ሐኪም ስትራስቡርግ ፈረንሳይ ያለች ሴትዮ ሐሞት ከረጢት ያወጣበት እሱ ነው። አልጋው ሲዘም ክንዱም አብሮ ይዘማል፣ ጥሩ ሃሳብ ነው፣ ግን ክንዶቹን ማንሳት ማሰር የሰው ጉልበት ነው። የካምብሪጁ ቨርሲየስ የሚባለው ሮቦት እያንዳንዱን ክንድ ለብቻው 38 በ38 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነች ትንሽ ጋሪ ላይ አስቀመጠ፣ የሜድትሮኒክ ሁጎም ክንዶቹን ለየጋሪያቸው ነው የሰጣቸው። ትንሽ ጋሪ ሲበዛ ግን አልጋው ዙሪያ ታክሲ ተራ ይሆናል፣ ረዳቷ የት ትቁም? ኤክስአይ ደግሞ ከላይ የሚዞር ቡም (ክንዶቹ የሚንጠለጠሉበት አግዳሚ) አደረገ፣ ከሱ በፊት የነበረው ኤስአይ ለዳሌ አካባቢ ስራ በበሽተኛው እግሮች መሃል ካልገባ የሚያስቸግር ነበር፣ ኤክስአይ በጎን ይመጣና ከላይ ያለው ክፍል ዞሮ ይደርሳል፣ ጋሪው የት እንደሚቆም ደግሞ በሌዘር ያሳያል። ለኔ የዛ ሞዴል ትልቁ ነገር ክንዱ ሳይሆን ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው አይስማማኝም። ኔብራስካ ያሉት ሚራ የሚባለውን ሮቦት የሰሩት ልጆች ግን ሮቦቱን ራሱን አንድ ኪሎ የማይሞላ አድርገው ጋሪውን ጨርሰው ገላገሉት፣ እነሱ ቢሳካላቸው እኔ ስራ አጥ ነኝ።

ባለፈው ወር አንድ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል የምትሰራ የአዲስ አበባ ልጅ አገኘሁ፣ ሙከራችንን ልታይ ከመጡት ነርሶች አንዷ ናት። ስሜን ስታይ በአማርኛ "አንተ ነህ እንዴ የዚህ ጋሪ ባለቤት?" አለችኝ። ነኝ እህቴ አልኳት በኩራት። መጣችና ያዘችው፣ አጭር ናት፣ እጀታው ደረቷ ጋ ደረሰ፣ የታጠፈው ክንድ ደግሞ ፊቷን ጋርዶታል፣ "በየት በኩል ነው መንገዱን የማየው ወንድሜ? ወይስ ይሄንን የሚገፉት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው?" እጀታውን የለካነው በኔ ቁመት ነበር፣ 1 ሜትር ከ84። በቡድናችን ከ1 ሜትር ከ70 የሚያንስ ሰው አልነበረም፣ ማንም አላስተዋለውም! ከዛ ጎንበስ ብላ ጎማውን ዞር ዞር አደረገችና ከኪሷ መቀስ አውጥታ አንድ ነገር ቆርጣ አሳየችኝ፣ የስፌት ክር፣ ፀጉር፣ የጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ብጣቂ፣ አንድ ላይ ተገምዶ ኩሽኔታው ጋ ታንቆ። "ማታ የሚያጸዱትን ጠይቃቸው" አለችኝ፣ "ሁሉም ጎማ እንዲህ ነው፣ በሶስት ወሩ መጮህ ይጀምራል፣ እናንተ ግን ማታ አትመጡም።"

ማታ ሄድኩ። ከሚያጸዱት አንዱ ጋሼ ጎማውን በካልሲ እንደሚሸፍኑት፣ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ እንደሚያወልቁት ነገረኝ። አሁን እጀታው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ለጎማዎቹ ደግሞ ሽፋን ሰርተን ሁለት ሳምንት ሞከርን፣ ክሩ አልገባም፣ ግን ደም ሲፈስ ሽፋኑ ውስጥ ይቀራል፣ ሳይፈታ አይጸዳም፣ ባይኖር ይሻላል። ሰኞ ሌላ እንሞክራለን፣ ጋሼን ጋብዣቸዋለሁ፣ ካልሲውን ይዘው ይመጣሉ።