ባለ ሺህ እጁ ካኖን ፊት

የጃፓኗ ኪዮቶ ስገባ መጀመሪያ ያመራሁት ሳንጁሳንገንዶ ወደተባለው የቡዲስት ቤተ መቅደስ ነው። ከባቡር ጣቢያው በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በር ላይ ጫማ ይወለቃል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ደግ አደረጉ፣ ሰው ስልኩን ትቶ በዓይኑ ያያል።

አዳራሹ 120 ሜትር ያህል ይረዝማል። ውስጡ ከእንጨት ተቀርጸው ወርቅ የተለበጡ 1001 የካኖን ሐውልቶች አሉ። ትልቁ መሃል ተቀምጧል። ሺዎቹ በግራና በቀኝ አምስት መቶ አምስት መቶ ሆነው ቆመዋል። አንዲት አሮጊት ፊት ፊታቸውን እያዩ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ከሺዎቹ መሃል የናፈቁትን ሰው የሚመስል ፊት አይጠፋም ይባላል።

ካኖን በቡዲዝም የርኅራኄ ቦዲሳትቫ ነው። ራሱ ነፃ መውጣት እየቻለ፣ ሌላው እየተሠቃየ ጥዬ አልሄድም ያለ ማለት ነው። የዓለሙን መከራ ሲያይ ጭንቅላቱ ከሐዘን ብዛት ተሰነጣጠቀ ይላል ትረካው። አሚዳ የተባለው ቡድሃ ስንጣሪውን አሥራ አንድ ራስ አደረገለት፣ ሺህ እጅም ሰጠው።

ሐውልቶቹ ላይ ግን የሚቆጠረው 42 እጅ ነው። ሁለቱ ደረት ላይ ገጥመው ይጸልያሉ። የቀሩት 40ዎቹ እያንዳንዳቸው 25 ዓለማትን ያድናሉ፤ ሺህ የሚሞላው እንዲያ ነው። ባለ ሺህ እጁ ካኖን በእጆቹ ዕቃ ይይዛል፦ ገመድ፣ መጥረቢያ፣ የውሃ ማሰሮ። ልቤን የነካው ይሄ ነው። ርኅራኄውን ያስቀመጡት እንባው ላይ ሳይሆን እጁ ላይ ነው።

የቡዲዝም መምህራን የርኅራኄ ጠላት ጭካኔ ነው፣ ርኅራኄን መስሎ የሚገባው ደግሞ ሐዘን ነው ብለው ያስተምራሉ። አብሮ የሰመጠ ማንንም አያወጣም። እኔ ያደግሁት አብሮ ማልቀስ ወግ በሆነበት አገር ስለሆነ ነገሩ መጀመሪያ ከበደኝ። አሁንም አብሮ ማልቀስ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። ግን ለቅሶ ቤቱን የሚያቆመው ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው ሰው አይደል?

የመጀመሪያው አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1164 ተሠርቶ በ1249 ተቃጠለ። ከእሳቱ የተረፉት ሐውልቶች 124 ናቸው። የቀሩት እንደ አዲስ ተቀረጹ። ታንኬይ የተባለው ቀራጭ የመሃሉን ትልቁን በ1254 ሲጨርስ የ82 ዓመት ሽማግሌ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ፣ ከ1973 ጀምሮ፣ ሺዎቹን በየተራ እያወጡ አቧራቸውን ጠረጉ፣ የለቀቀውን ወርቅ መልሰው አጣበቁ። ሥራው ያለቀው በ2017 ነው።