ላፕቶፑ ተዘግቶ አልተዘጋም ነበር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጽሑፍ በመተየብ ነው የምተዳደረው። ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስም፣ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱም አለ። ዊንዶውሱ ለሥራ ነው። ኡቡንቱን የጫንኩት ደንበኞች በፍላሽ ይዘውት የሚመጡት ቫይረስ ስላሰለቸኝ ነው።

ዶክመንቶቼንና ፎቶዎቼን ከሁለቱም እንድከፍታቸው ፈለግኩ። ይሄ ቀላል ነው። ለዳታ የሚሆን ፓርቲሽን (የዲስኩን አንድ ክፍል) ለብቻው ከፈልኩና ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አያያዝ ፎርማት አደረግኩት። ሌላው ፎርማት ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ተውኩት። የዊንዶውስን ፎልደሮች ወደዚያ አዛወርኩ፣ ኡቡንቱ ላይ ወደነሱ የሚወስድ ሊንክ ሠራሁ። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም።

ጉዱ የመጣው ጥር ላይ ነው። አንኮበር ሄጄ እማዬ ስለ ልጅነቷና ስለ ሰርጓ ስታወራ በስልኬ ቀረጽኳት። 40 ደቂቃ ያህል ነው። እሳት ዳር ስለነበርን እንጨቱ ሲንጣጣ ሁሉ ይሰማል። ስመለስ ስልኬ ሞልቷል። ማታውኑ ዊንዶውስን ሻት ዳውን አድርጌ ኡቡንቱን ከፈትኩ። ቅጂውን ልገለብጥ ስል ፓርቲሽኑ እምቢ አለ፤ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም። ምክንያቱ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም! ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ኮምፒውተር ለሚጠግን ጓደኛዬ ደወልኩ። «ኤንቲኤፍኤስፊክስ በለው፣ ይከፈታል» አለኝ፤ የኤንቲኤፍኤስ ፓርቲሽንን ቀላል ችግር የሚያስተካክል የሊኑክስ ትእዛዝ ነው። እውነትም ተከፈተ። ገለበጥኩ፤ ከስልኬ ላይም አጠፋሁት።

በማግስቱ ዊንዶውስ ስገባ ቅጂውን ያስገባሁበት ፎልደር የለም።

ለካ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የሲስተሙን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። ሲነቃ ፓርቲሽኑን የሚያውቀው ትናንት እንደተወው ነው። እኔ ማታ ያስገባሁትን አያውቅም፤ በላዩ ላይ ጻፈበት። ሪስታርት ስታደርጉት ግን በትክክል ይዘጋል። ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ኮንትሮል ፓነል ግቡና ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕን አጥፉት። ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ ተዉት የሚላችሁን አትስሙ፤ የሚተርፋችሁ ጥቂት ሰከንድ ነው። ትልቅ አፕዴት ከመጣ በኋላም ተመልሶ በርቶ እንደሆነ እዩ። ኡቡንቱ አላስጽፍ ካላችሁ በግድ አትክፈቱት። ወደ ዊንዶውስ ተመለሱና ሪስታርት አድርጉ። ደግሞ ኡቡንቱ ፋይላችሁንም ሴቲንጋችሁንም የሚያስቀምጥበትን ሆም ፎልደር እንዳለ ወደ ጋራው ፓርቲሽን አትውሰዱ። ኤንቲኤፍኤስ የሊኑክስን የፋይል ፈቃድ እንደ ራሱ ስለማይዝ ሴቲንጋችሁ ይበላሻል። ዶክመንት፣ ፎቶና ሙዚቃ ይበቃል።

ዊንዶውስ ዲስኩን ፈትሾ ሲጨርስ ስማቸው የጠፋ፣ በቁጥር ብቻ የተቀመጡ ፋይሎች አወጣልኝ። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አንዱ ላይ እሳቱ ሲንጣጣ ሰማሁ። 11 ደቂቃ ነው። እማዬ ስለ ሰርጓ ልትጀምር ስትል ይቆማል።